ከፕሮግራሙ ያወጣሁት ሐይቅ

በጉዞ ወኪል ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ አንድ ስቴፕለር፣ አንድ የስልክ መስመርና እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር ነበር። ቢሮው ጆሃንስበርግ ጄፔ ጎዳና ላይ፣ ምድር ቤቱ ጫማና ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አለቃዬ ሲስ ታንዲ የሶዌቶ ልጅ ናት፤ "ሲስ" እዚህ አገር እንደኛ "እትዬ" መሆኑ ነው። ገና አረፍ ሳልል "ገነት፣ ወገንሽ በዚህ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ ከእኔ የሚገዛው ግን የአዲስ አበባ ቲኬት ብቻ ነው። ሽርሽር ሽጪላቸው" አለችኝ።

"ሲስ ታንዲ፣ የኛ ሰው ሱቁን የሚዘጋው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ሦስተኛ ምክንያት ፈልጊላቸው" አለችና ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

በቢሯችን ሦስት እርከን አለ። ቲኬት ቆራጭ ስምን ከፓስፖርት ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክራል። ፕሮግራም አውጪ ሆቴሉን፣ መኪናውንና ሰዓቱን ይይዛል፤ ለእያንዳንዱም ቫውቸር የምንለውን የማረጋገጫ ወረቀት ይጽፋል። አጃቢ ደግሞ ከእንግዶቹ ጋር ሄዶ ያስተረጉማል፣ የጠፋ ሻንጣ ይፈልጋል፣ የተኮራረፈ ያስታርቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቱንም ሆንኩ። ጎበዝ ስለነበርኩ አይደለም፤ አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም።

የመጀመሪያው የሽርሽር ደንበኛዬ ቶኮዛ በተባለ ሰፈር ስፓዛ ያለው ሰው ነበር። ስፓዛ በየሎኬሽኑ፣ ማለትም በከተማው ዳር ዳር ባሉት ሰፈሮች፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆመው ዳቦና ዘይት የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ነው። ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ፍርግርግ ኋላ ቆሟል። "እህቴ፣ ሱቅ የሌለበት ቦታ ውሰጂኝ" አለኝ። ከጆሃንስበርግ በአራት ሰዓት በረራ ሞሪሸስ ደሴት ላይ አሳረፍኩት። ባሕሩን አንድ ጊዜ አየት አደረገና በመንደሩ ያለውን ሱቅ ሁሉ እየዞረ ሳሙናውን እንዴት እንደደረደሩት ሲመረምር ዋለ። ሲመለስ "ቆንጆ አገር ነው፣ ግን ዕቃ አደራደር አያውቁም" ብሎኝ ሄደ።

ለብቻ መኪና ይዞ የአንድ ቀን ጉብኝት ማድረግ ምን እንደሆነ የተማርኩት ከቪሻል ነው። ቪሻል የደሴቲቱ ተወላጅ ሾፌርና አስጎብኚ ነው፤ ሒንዱ ነው፣ አያቶቹ ሸንኮራ ሲቆርጡ ኖረዋል። የእሱ ደንብ አንድ ነው፦ ቤተ መቅደስ በጠዋት፣ መልክዓ ምድር ከሰዓት። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። እኔ ለምን ማለት የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ፤ እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ቄሱን እንኳ አታሳርፊም" ትለኝ ነበር። ቪሻል ምክንያቱን ነገረኝ። ዋናው የጸሎት ስፍራ ተራራ ላይ ባለ ሐይቅ ዙሪያ ነው፤ ከቀትር በኋላ ጉም ይወርድበታል፣ ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን አያይም። ይህንን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የመጀመሪያ ቀን ወደ ሐይቁ ስንሄድ ጫማ ማውለቅ እንዳለብኝ ሲነግረኝ ደስ አለኝ፤ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ለዚህ አዲስ አይደለሁም። ግን ቁርስ በልቼ ስለነበር ደጁ ላይ ቆምኩ። ቪሻል ሄዶ ሄዶ ተመለሰ።

"ምነው አትገቢም?"

"በልቻለሁ" አልኩት።

"እና?"

"የበላ ሰው አይገባማ!"

ትክ ብሎ አየኝና ሳቀ። "እኛ ዘንድ ደግሞ ሳይበላ የወጣ ሰው ቅር ያሰኘናል" አለ። እውነትም ስንወጣ አንድ ሽማግሌ በቅጠል ጣፋጭ ነገር ሰጡኝ። ያን ቀን ሃያ ጥያቄ ጠይቄው ይሆናል፤ ሐይቁ ውስጥ ስላሉት ዓሦች፣ ሴቶቹ ለምን በቅጠል ላይ አበባና እሳት አድርገው እንደሚለቁ፣ መንገዱ ዳር የቆመው ሐውልት ለምን ያን ያህል እንደገዘፈ። ሁሉንም መለሰልኝ። ሰው ሲጠይቁት ደስ የሚለው ዓይነት ነው።

እንዲህ ጥያቄ የምወድ ሰው፣ መጠየቅ የነበረብኝን ያልጠየቅኩበት ቀን አለ። የምጽፈው ስለሱ ነው።

አቶ ደስታና ባለቤቱ አስቴር ከዳቬይተን መጡ። የሆሳዕና ሰዎች ናቸው። አሥራ አራት ዓመት አንድ ስፓዛ ይዘው ኖረዋል፤ እሱ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፣ የሰንበት ኮቱን ለብሶ ነው ቢሮ የመጣው። ሞሪሸስ ሁለት አዳር ፈለጉ። እኔ ወንበር አቀረብኩ፣ ወረቀቱን አወጣሁ፣ ከዚያ ሴት ሆኜ ሳለሁ ጥያቄውን ሁሉ ለባልየው ጠየቅኩ። ቤታችን ያደግንበት ልማድ ነው፤ ሰው ሲጠየቅ አባወራው ይመልሳል።

የሁለተኛው ቀን ጉብኝት ላይ ስንደርስ "እናንተ ጴንጤ ናችሁ፣ የጣዖት ቤት ምን ያደርግላችኋል፤ እሱን አውጥቼ ፏፏቴ ላብዛላችሁ?" አልኩት።

"እንደ አሠራራችሁ እህት ገነት፣ ጌታ ይባርክሽ" አለ።

አስቴር ያን ጊዜ ብቻ ቀና አለች። "ሐይቁ ሩቅ ነው?" አለች።

"እሱ የእነሱ የጸሎት ቦታ ነው፤ አይዞሽ፣ በዚያ በኩል አንሄድም" ብዬ አጽናናኋት። ፈገግ ብላ "እናንተ እንዳላችሁ" አለች። እኔም በሐይቁ ላይ መስመር አሰመርኩበት። የእንግዳን ልብ የማውቅ ሰው መሆኔን አስቤ በልቤ ኮርቻለሁ።

አጃቢያቸው እኔው ነበርኩ፤ በጉብኝቱ ቀን ቪሻል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ ነበር። ፏፏቴውን አየን፤ አቶ ደስታ ፎቶ አንስቶ አልጠገበም። አፈሩ ሰባት ዓይነት ቀለም ያለውን ኮረብታ አየን፤ "ይህንን ሆሳዕና ቢሆን አርሰው ይጨርሱት ነበር" ብሎ አሳቀን። አስቴር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ቦታ ላይ ከመኪና አልወረደችም። ምሳ ላይ ዓሣውን በሹካ ነካክታ ተወችው።

"መንገዱ አልተስማማትም" አለ ባሏ።

"ደስ ብሎሻል አስቴር?" አልኳት። "በጣም፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። እኔም አመንኳት። የኛ ሴት አልተመቸኝም የምትለው መቼ ነው!

በዋናው መንገድ ስናልፍ ያ ግዙፍ ሐውልት ከሩቅ ታየ። አስቴር እስኪሰወር ድረስ አንገቷን አዙራ አየችው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ባሕሩ መውረድ ጀመርን። በማግስቱ ጠዋት በረራ ነበረብን። ድንገት ከኋላ ለቅሶ ሰማሁ። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነው፣ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚሰማው።

"ምነው እህቴ፣ አመመሽ?"

ቦርሳዋን ከፈተች። በዳቦ ፕላስቲክ የተጠቀለለ የደረቀ ብርቱካንማ አበባ ነበር፤ ግማሹ ተሰባብሮ ዱቄት ሆኗል።

ታሪኩን በመኪናው ውስጥ ነገረችን። ዳቬይተን አጠገብ ባለው የሕንዶች ሰፈር፣ አክተንቪል፣ ዕቃ የምትረከብባቸው አሮጊት ነበሩ፤ ሁሉም ሰው እንደ አክስት አንቲ ሳሮ ይላቸዋል። የእነ አስቴር ሱቅ የተዘረፈ ጊዜ አቶ ደስታ ለአባቱ ለቅሶ ሆሳዕና ነበር። አስቴር የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ በጓሮ ሸሸች፤ የሄደችውም አንቲ ሳሮ ጋ ነው። አሮጊቷ የራሳቸውን አልጋ ለቀውላቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን አኖሯቸው። ይህንን ባሏ ያውቃል። የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። አንቲ ሳሮ ዕድሜ ልካቸውን ይህንን የሞሪሸስ ሐይቅ ለማየት ሲመኙ ኖረው እግራቸው ከበደ። ሊሞቱ ሲቃረቡ ከግቢያቸው አበባ አስቆርጠው "አንቺ ወጣት ነሽ፤ አንድ ቀን ከሄድሽ ውሃው ላይ ጣይልኝ" አሏት።

"እሺ አልኳቸው" አለች አስቴር። "ለምትሞት ሴት እምቢ ይባላል እንዴ? ባሕር አማረኝ ያልኩህም ለዚህ ነበር።"

አቶ ደስታ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ሽማግሌ ነህ። ብትከለክለኝ ቃሌን አፈርሳለሁ፤ ብትፈቅድልኝ ደግሞ ነገ ጉባኤው ሲጠይቅህ ምን ትላለህ? ሐይቁ ፕሮግራም ውስጥ ካለ እግረ መንገዴን እጥለዋለሁ ብዬ ነበር። እህት ገነት አወጣችው፤ እኔም እሷን ማስቸገር አፈርኩ።"

ንዴቴ በራሴ ላይ ነበር።

ቪሻል በመስታወቱ እያየን "ምን ሆነች?" አለ። በእንግሊዝኛ ነገርኩት።

"ጠዋት ብትነግሪኝ እኮ መጀመሪያ እዚያ ነበር የምወስዳችሁ" አለ።

"ጠዋት አላወቅኩም። አልጠየቅኳትም" አልኩት።

የሥራ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ ተራራውም ጉም ለብሷል። ቪሻል የሸንኮራ እርሻ መግቢያ ላይ መኪናውን አዞረ። አቶ ደስታ ተዉ አላለም፤ እንሂድም አላለም።

ስንደርስ ከግዙፉ ሐውልት የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ጉም ውጦታል። ሐይቁ ዳር አንድ አገልጋይ ደረጃውን እየጠረገ ነው፤ ሌላ ሰው የለም። አስቴር ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

"እህት ገነት፣ ይኼ ኃጢአት ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት። አጃቢ ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁም። ግን ፈርቼላት ነበር።

ቪሻልን ጠየቅኩት፤ "መስገድ የለባትም፣ ምንም ማለት የለባትም። አበባው ውሃ ላይ ይረፍ፣ በቃ" አለኝ። ጠራጊው መጥረጊያውን አስደግፎ የሙዝ ቅጠል አመጣላት። አስቴር የተሰባበረውን አበባ እንደ ጨው እየቆነጠረች ቅጠሉ ላይ አደረገችና ወረደች። በሐዲይኛ ትናገር ነበር፤ የገባኝ የአሮጊቷ ስምና የኢየሱስ ስም ብቻ ነው።

ቅጠሉን ለቀቀችው፤ ነፋስ መልሶ ወደ ደረጃው አመጣው። እንደገና ገፋችው፤ እንደገና መጣ። አቶ ደስታ ከላይ ጫማውን እንዳደረገ ቆሞ ያያል። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ አስቴር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ሰውየው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ካልሲውንም አወለቀ። ወረደና በሰንበት ኮቱ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገባ፤ እስከ ክንዱ ነክሮ ቅጠሉን ራቅ አድርጎ ገፋው። ቅጠሉ ሄደ። ከዚያ እዚያው ቆሞ፣ ለሚሰማው ሰው እንደሚናገር፣ በእኔ ቋንቋ በአማርኛ፦

"አንቲ ሳሮ፣ እኔ በሌለሁበት ሚስቴንና ልጄን አስጠግተሻል። በሕይወት ሳለሽ ደጅሽ መጥቼ አላመሰገንኩሽም። እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

እኔ ፊቴን አዞርኩ። ቪሻል አማርኛ አይሰማም፤ ግን እሱም ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ የኮቱ እጅጌ እየተንጠባጠበ ነበር። አስቴር በነጠላዋ ታደርቅለታለች። "ለጉባኤው ምን ትላለህ?" አለችው። "የሆነውን" አላት። ከዚያ ሁለቱም ራባቸውን አስታወሱና ቪሻል መንገድ ዳር የተጠበሰ ነገር ገዝቶላቸው እየተሻሙ በሉ።

ቢሮ ስመለስ ለሲስ ታንዲ ሁሉንም ነገርኳት። ያለፈውን ፕሮግራም ከፋይሉ አውጥታ ያሰመርኩበትን መስመር አየችና "የማን እጅ ነው ይኼ?" አለች። "የኔ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት ሲመጡ ሁለት ቅጽ አወጣለሁ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከመጋረጃ ወዲያ ሆኖ ይሞላል። ወንዶቹ ያጉረመርማሉ፤ "ምን ልትደብቀኝ ነው?" ይላሉ። ሴቶቹ መጀመሪያ "እሱ እንዳለ" ብለው ይጽፋሉ። ያን ጊዜ ቅጹን መልሼ እሰጣቸዋለሁ።

ለዚህ ሥራ አዲስ የምትሆኑ፦ ፕሮግራም ከማውጣታችሁ በፊት ሁሉንም ሰው ለየብቻው ጠይቁ። "እናንተ እንዳላችሁ" ያለውን ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቁት።