ከለንሳ ድምፅ የተቆረጠው

ኦቦ ሂርጳን ያገኘኋቸው ጊንጪ መናኸሪያ፣ ወደ አምቦ በሚጭን ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ሃምሳን የተሻገረ ሰው ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ማየት ብዙም አልለመድኩምና ዝም ማለት አቃተኝ። ለእኛም ያካፍሉን እንጂ አልኳቸው። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አንሥተው አፋን ኦሮሞ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደምችል ስነግራቸው ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ፤ ከዚያ በኋላ ወሬያችን በሁለቱም ቋንቋ ሄደ።

አምቦ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ካሴት ሲቀር በአንድ ኮምፒውተር፣ በደንበኞች የስልክ ሜሞሪ ካርድ ላይ መዝሙርና ዘፈን ወደ መጫን ዞሩ። በ2007 ገደማ ሥራው ደርቶላቸው ነበር። ደንበኛው ጥራቱን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስንት እንደሚይዝ ነው። እሳቸውም ብዙ እንዲይዝ ፋይሉን እየጨመቁ ያሳንሱታል። ጎረቤታቸው ባለሱቁ ሰዲቅ «አንተ ሰውዬ፣ ዘፈኑን እንደ ሎሚ ጨመቅኸው እኮ» እያለ ያሾፍባቸዋል። አንድ ቀን ኦሪጅናሉንና የተጨመቀውን በስልክ አከታትለው አሰሙትና የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዲለይ ጠየቁት። ሰዲቅ ሦስቴ ገምቶ ሦስቴም ተሳሳተ። ከዚያ ወዲህ ልዩነት የለውም የሚለውን ለመጣው ሁሉ ይናገሩት ጀመር፤ ራሳቸውም አመኑት።

ባለቤታቸው ለንሳ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ከሁለተኛው ረድፍ ሆና ትዘምር ነበር። ለብቻዋ የዘመረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ኦቦ ሂርጳ ራሳቸው ጥሩ ማይክ ተውሰው ቀዱት። የኳየሩ አባላት በስልካችን እንያዘው ሲሉ እንደ ልማዳቸው ጨምቀው አደሏቸው። ለፋሲካ ሰሞን ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞላባቸው። ቦታ ለማግኘት ትልልቁን ፋይል ሁሉ ሲያጠፉ የለንሳም አብሮ ሄደ። ትንሹ አለ፤ ምን ቸገራቸው?

ለንሳ በ2011 በኩላሊት ሕመም አረፈች። ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል መዝሙሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ሰሙት። በስልክ ያልታወቃቸው ነገር ሁሉ ያኔ ታወቃቸው። «ሰ» እና «ሸ» በምትልበት ቦታ ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት አየር የምትስብባት፣ ሃያ ዓመት አጠገባቸው የሰሟት ትንፋሽ ጭራሽ የለችም። ሶፍትዌሩ አታስፈልግም ብሎ ቆርጧታል።

ፍለጋ ጀመሩ። የኳየሩ ሰዎች ተበታትነዋል። ጉደር ነርሷ ዶርቃስ ዘንድ ሄዱ፤ ወንጪ መምህሩ ኤቢሳ ዘንድ ሄዱ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ስልካቸውን ያወጣሉ፤ ሲከፈት ያው እሳቸው ያደሉት ነው። የቀራቸው የያኔው ኪቦርድ ተጫዋች አሰፋ ብቻ ነበር። በተቀዳበት ዕለት ትልቁን ፋይል በፍላሽ ገልብጦ መውሰዱን ያስታውሳሉ። ጊንጪ የመጡትም ለእሱ ነው።

አገኙት ወይ አልኳቸው።

«አሰፋ ይባረክ፣ ፍላሹን ቆልፎ ነው ያስቀመጠልኝ» አሉ። «ግን በዓመቱ ሞላበትና እኔው ጋ ይዞት መጥቶ ነበር፤ አሳንስልኝ አለኝ። አሳነስኩለት። እኔ ረስቼዋለሁ፤ ዛሬ እሱ ነው ያስታወሰኝ።»

ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። ሆድ የሚያባባ የሴት ድምፅ ነው። ላጽናናቸውም ብዬ፣ እውነቴንም ነበር፣ ምንም ጉድለት አልሰማሁበትም፣ በጣም ጥሩ ነው አልኳቸው። ገመዱን ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ አምቦ ድረስ መስኮት መስኮቱን አዩ።

መናኸሪያው ውስጥ ስንወርድ እጄን ጨብጠው ሳይለቁኝ ቆዩ።

«ጥሩ ነው ያልከኝ ስላላወቅሃት ነው» አሉኝ። «እኔን የሚያስፈራኝ፣ ሰሞኑን ለእኔም ጥሩ እየመሰለኝ መምጣቱ ነው።»