እትዬ አስካለ ለራሳቸው የሰፉት ቀሚስ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ይሁን አይሁን እስከ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የአንዲት ልብስ ሰፊ ሕመምና የአንድ ቀሚስ ነገር ነው። ደግሞም ስለ ጡት ነው፤ በእኛ አገር ሴቶች ብቻቸውን ሲሆኑ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያነሡት ነገር። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሆኖም በመሐል ሜዳ ከተማ ለብዙ ዓመታት የሴቶችንና የተማሪዎችን ልብስ ሲሰፉ የኖሩት ወይዘሮ አስካለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ተነሥቼ የደረስኩት ታኅሣሥ አራት ለተፈጸመው ቀብራቸው ሳይሆን ለሣልስታቸው ነበር፤ በድንኳኑ ውስጥም ስለ እሳቸው የሚባለውን በጆሮዬ ሰማሁ።

«ሐኪሙ ጡትሽን መልሼ ልሥራልሽ ቢላት እምቢ አለች አሉ» አለች አንዷ።

«ተስፋ ቆርጣ ነዋ! ለመኖር ያሰበ ሰው እምቢ ይላል?» አለች ሌላዋ።

«አይ፣ ቢላዋ ፈርታ ነው።»

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሳቸውን ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ጎድቷቸዋል። ስለዚህ እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ፣ ልብሳችሁን ሰፍተውላችሁ ለለበሳችሁ ሁሉ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከጓሳ ማዶ ካለችው መንደራችን መጥቼ ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራየሁ። እትዬ አስካለ ባልም ልጅም አልነበሯቸውም። የመጀመሪያ ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ስለብሰው ከውስጥ በኩል በጎንና በጎኑ ሰፊ ጨርቅ ታጥፎ አየሁና ተሳስተው መስሎኝ ነገርኳቸው።

«አልተሳሳትኩም» አሉኝ። «ልጅ ታድጋለች፤ ልብሷም አብሯት ይደግ ብዬ ነው።»

በየዓመቱ መስከረም ላይ ያችን እጥፋት ትንሽ ትንሽ እየፈቱ፣ በዚያው ዩኒፎርም አራት ዓመት አስተማሩኝ። ከገጠር ለመጣን ልጆች ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ለማንም አልተናገሩም። ስፌቱን የፈታ ብቻ ያውቀዋል።

ዓይናቸው ለቅርብ ነገር ደክሞ ነበርና ከትምህርት ቤት ስመለስ የልክ ደብተሩን እኔ እይዝላቸው ነበር። እሳቸው ሜትሩን ይዘው ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፦ የደንበኛዋ ስም፣ ልኳ፣ የቀጠሮው ቀን፣ በመጨረሻም ልብሱ የተወሰደበት ቀን። «ጸሐፊዬ» ይሉኝ ነበር። በዚህ ስም መጠራት በጣም ደስ ይለኝ ስለነበር ፊደሎቼን አሳምሬ እጽፍ ነበር። ሆዷን ስባ የምትለካ ሴት ካጋጠመቻቸው ደግሞ ሜትሩን አላልተው ይጠብቃሉ።

«ተንፍሺ እንጂ እመቤት! እንዲህ ሆነሽ ልክ ከሰጠሽኝ ቀሚሱን የምትለብሺውም ሳትተነፍሺ ነው።»

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ በግራ ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኘ። ደብረ ብርሃን ታዩ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፣ ጡታቸውም በቀዶ ሕክምና ተነሣ። ቀጥሎ መድኃኒቱ፣ ቀጥሎ ጨረሩ መጣ። ጠጉራቸው ረግፎ፣ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱና ሱቃቸውን ከፈቱ። ሰዉ አልሸሻቸውም፤ እንዲያውም አከበራቸው። ግን ሴቶቹ ሊለኩ ሲመጡ ደረታቸውን በነጠላቸው መሸፈን ጀመሩ። እትዬ አስካለን እንዳይከፋቸው ብለው ነው። ሜትሩን ነጠላው ላይ ይዘው ግራ የገባቸው ጊዜ አስታውሳለሁ።

«ምነው፣ የእኔ መቆረጥ በሜትር ይተላለፋል እንዴ?» አሉ እየሳቁ። አብሯቸው የሳቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲለኩ ቀልድ ቀነሱ።

በክረምቱ ለክትትል ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወረቀት አውጥቶ እየሣለ በእርጋታ አስረዳቸው። ጡቱን መልሶ ለመሥራት መንገዶች አሉ አላቸው። አንዱ ሲሊኮን የሚባል ለስላሳ ነገር ከቆዳው ሥር ማስገባት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው አጠር ይላል፤ ጨረር ባገኘው ቆዳ ላይ ግን ሊጠነክር ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ሁለተኛው ከራሳቸው ሆድ ቆዳና ሥብ ከደም ሥሩ ጋር ወስዶ መሥራት ነው፤ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ለማገገምም ሳምንታት ይወስዳል፣ ውጤቱ ግን የራሳቸው ሥጋ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንዲሁ መተው ነው፤ ከፈለጉ በጡት መያዣ ውስጥ የሚደረግ ነገር አለ።

እትዬ አስካለ ወንበራቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠጉ።

«ይኼ ሲሊኮን ያልከው እንደ ኮት ትከሻ ስፖንጅ ነው?»

«ወደዚያ ይጠጋል፣ እትዬ።»

«የሆዱስ? ከዚህ ስትቆርጡ የቀረውን ጨርቅ በምን ትገጥሙታላችሁ?»

«ላይኛውን ወደ ታች ስበን እንሰፋዋለን።»

ብዕሩን ከእጁ ወሰዱና በሣለው ሆድ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሠመሩ። «ስፌቱ እዚህ ነዋ የሚያርፈው። ጎንበስ ስል ይይዘኛል።»

ሐኪሙ ሳቀ። «መጀመሪያ አካባቢ ይይዝዎታል፤ በኋላ ይላላል። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።»

«አንተስ የቱን ትመክረኛለህ?»

«ለእርስዎ ሦስቱም ይሆናሉ። ምርጫው የእርስዎ ነው። ጊዜ ወስደው ያስቡበት።»

መልሱ ትክክል ነበር። እሳቸው ግን መልሱን ሲሰሙ ትከሻቸው ትንሽ ወረደ። ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ ሾፌሩ እያዘገመ ሳለ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጸሐፊዬ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጪ ነበር?»

እንዳላስቀይማቸው ፈራሁ። «እርስዎ የፈለጉት ጥሩ ነው፣ እትዬ» አልኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ በመስኮቱ በኩል ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ጎረቤታቸው እትዬ በለጡ ወሬውን ሲሰሙ ከሆዱ ይሁን አሉ። «ምን ያሳስብሻል? ሆድሽም ይጎድልልሻል፣ ጡትሽም ይሞላልሻል። እኔን ቢጠሩኝ በሩጫ ነው የምሄደው!»

«ሆዴ ምን አደረገሽ አንቺ? ደግሞ ያንቺን ከቆረጡማ ለሦስት ሰው ይበቃል።»

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ በለጡ ከወጡ በኋላ ግን እትዬ አስካለ የስፌት መኪናቸውን ሳያንቀሳቅሱ እጃቸውን በግራ ደረታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ነበር። መኖሬን ረስተውት ነበር መሰለኝ።

በነጋታው ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ጠሩኝና ሜትሩን ሰጡኝ። «ዛሬ እኔ ነኝ ደንበኛዋ። ለራሴ ቀሚስ ልቆርጥ ነው። ስሜን ጻፊ፤ ልኬን አንቺ ውሰጂ።» የላይ ልብሳቸውን አወለቁ። ጠባሳውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማየት ከተባለ። ዓይኔን ወዲያው ወደ ሜትሩ መለስኩ። ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ በቀኝ ለካሁ። ወደ ግራው ስመጣ ሜትሩን ሳላሳርፍ አነሣሁትና በደብተሩ ላይ ለግራውም የቀኙን ቁጥር ጻፍኩ። እንደዚያ ማድረግ ደግነት መስሎኝ ነበር።

እሳቸው ጸሐፊያቸውን አምነው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ቆረጡ። ከአራት ቀን በኋላ ለብሰው መስተዋት ፊት ቆሙ። ቀኙ ልክክ አለ። ግራው ባዶ ከረጢት መስሎ ወደ ውስጥ ወደቀ።

«ማነው የለካው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንን ነው የለካሽው?»

እጄ ላይ የነበረውን ደብተር ዘጋሁት።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው ተናገሩ። «ሐኪሙ ሁሉም ይሆናል አለኝ። በለጡ ትቀልዳለች። ደንበኞቼ ይሸፈናሉ። አንቺ እርስዎ የፈለጉት አልሽኝ፤ ከዚያ ደግሞ የሌለኝን ጻፍሽልኝ። ልጄ፣ አንድ ሰው እንኳ ያለሁበትን ሳይነግረኝ እኔ ምኑን ከምን አማርጣለሁ?»

እያለቀስኩ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ልቅሶውን ተይና ሜትሩን አንሺ» አሉኝ።

በሁለተኛው ጊዜ አየሁ። ጠባሳው ከብብታቸው ተነሥቶ ወደ ደረታቸው መሐል የሚወርድ ነው፤ በጨረሩ ዙሪያው ጠቁሯል፤ ቆዳው አጥንታቸው ላይ ተኝቷል። ሜትሩን አሳረፍኩና ቁጥሩን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ከቀኙ በአራት ጣት ያንሳል።

«ጻፊው» አሉ። ጻፍኩት። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ለደንበኞቻቸው ተንፍሺ እንደሚሉት ዓይነት።

ሦስት ቀን አሰቡ። በሦስት ሰፋፊ ወረቀት ላይ ሦስት ቀሚስ ሣሉ፤ አንዱን ለሲሊኮኑ፣ አንዱን ለሆዱ፣ አንዱን ላሁኑ ሰውነታቸው። የገበያው ቀን ረፋድ ላይ ጠሩኝና የሲሊኮኑንና የሆዱን ወረቀቶች አጥፈው በመሳቢያቸው አስቀመጡ።

«ሌላ ሴት ብትጠይቀኝ ከሆድሽ ይሁን ልላት እችላለሁ። ወጣት ብትሆን፣ እሷም ብትፈልገው፣ አይዞሽ ብዬ እሸኛታለሁ። እኔ ግን አንዱን ቦታ ለመሙላት ደህናውን ሌላ ቦታ ማስቆረጥ አልፈለግሁም። ሲሊኮኑንም መቼ ይበላሽ ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ ስጠብቀው እኖራለሁ፤ መጠበቅ ደክሞኛል። የምቀይረው ቀሚሱን ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አልኳቸው። እውነተኛ ጥያቄ ስጠይቃቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«እርግጠኛ ነኝ። አይናፍቀኝም ማለት ግን አይደለም። ሰውነቴን ስታጠብ እጄ ይፈልገዋል። ናፍቆቱን ሐኪሙም አይሰፋልኝም።» ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦ «ነገ ሰው ፈርታ ነው፣ ተስፋ ቆርጣ ነው ቢል፣ አንቺ የለካሽውን ተናገሪ።»

ለሐኪሙ ደውለው ነገሩት። ውሳኔያቸውን እንደሚያከብር፣ ሐሳባቸውን ከቀየሩም እንዲደውሉለት ነገራቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀሚስ ፈቱና በአዲሱ ልክ ቆረጡት። በቀኝ በኩል ደረት ላይ የሚታጠፈውን ስፌት እንዳለ ተዉት፤ በግራ በኩል ጨርቁ ከትከሻ እስከ ወገብ ቀጥ ብሎ ወረደ። በጥልፍ አልሸፈኑትም። ለብሰው ሲቆሙ የተበላሸ ልብስ አይመስልም ነበር፤ ለዚህች አንዲት ሴት ታስቦ የተሰፋ ነበር። ነገር ግን የዩኒፎርም ወቅት ደረሰና የራሳቸው ቀሚስ የታች ጠርዝ ሳይሰፋ ቀረ። «ደንበኞቼ ይቅደሙ» አሉ። ቀሚሱም ከዓመት በላይ ሱቁ ግድግዳ ላይ ባለ ምስማር ተንጠልጥሎ ቆየ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ወገባቸውን ያማቸው ነበር፤ ከመቀመጥ ብዛት ነው አሉኝ። በሽታው ተመልሶ አጥንታቸው ውስጥ መግባቱን የሰማሁት በስልክ ነው። የተዉት ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ይህን ይከለክል እንደነበር ሐኪሙን ራሳቸው ጠይቀውት ነበር፤ አይከለክልም አላቸው። ይህን ደጋግመው ነገሩኝ፤ ሌላ የሚነግሩት ሰው ስላልነበራቸው ይመስለኛል። በመጨረሻ ስንነጋገር ድምፃቸው ከነፋሱ ጋር ይቆራረጥ ነበር።

«ጸሐፊዬ፣ ያቺ ጠርዝ ቀርታኛለች እኮ።»

«ስመጣ አብረን እንሰፋታለን፣ እትዬ።»

«እሺ» አሉኝ። ማስመሰሌን እንዳወቁ ከድምፃቸው ገባኝ።

በሣልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሲበተን ወደ ሱቁ ገባሁ። ምስማሩ ባዶ ነበር። እትዬ በለጡ ከኋላዬ መጡ፤ የእትዬ አስካለን አስከሬን አጥበው የገነዙት እሳቸው ናቸው።

«ቀሚሱን ትፈልጊ እንደሆነ የለም» አሉኝ። «ከመሞቷ ሳምንት በፊት አልጋዋ ላይ ሆና በእጅ መርፌ ጠረዘችው። እኔ ልሥራልሽ ብላት፣ የአንቺ ስፌት እንደ ወሬሽ ይረዝማል ብላ ከለከለችኝ።» ሊስቁ ሞከሩና አልቻሉም። «ከከፈኑ ሥር እሱን አልብሱኝ ብላኝ ነበር። ከሞት በኋላ ልብስ አይገጥምም፤ ስንቱን አልብሼ አውቃለሁ። እሷ ላይ ግን፣ ልጄ፣ አንድም ቦታ አልጎተተም፣ አንድም ቦታ አልተንጠለጠለም።»

እትዬ አስካለ ሆይ፣ ሌሎቹን ሁሉ በልካቸው ሲያለብሱ ኖረው የእርስዎን ልክ የሚወስድ አንድ ሰው ብቻ ነበረዎት፤ እሱም መጀመሪያ ዋሸዎት። ይቅር እንዳሉኝ አውቃለሁ። በዚያ ቀዝቃዛ ቤት አልጋዎ ላይ ሆነው ጠርዙን ሲሰፉ ከአጠገብዎ አለመኖሬን ግን እኔ ለራሴ ገና ይቅር አላልኩም። ፈርተው አልነበረም፤ ተስፋም አልቆረጡም። ያለዎትን አይተው መረጡ፣ የመረጡትንም ጨርሰው ለበሱ። እንግዲህ ይተንፍሱ፣ እትዬ፤ የሚይዝዎ ስፌት የለም። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ስምዎ ባለበት መስመር አንዲት ቦታ ብቻ ባዶ ቀርታ ነበር፤ ዛሬ ፊደሎቼን አሳምሬ ሞላኋት።

ቀሚሱ የተወሰደበት ቀን፦ ታኅሣሥ አራት።