ሳይበላሽ የተሻረ ኮምፒውተር

ሸዋ ሮቢት ለዘገባ ስወርድ ጽሑፌን የምልከው ከአንዲት ማመልከቻ ጻፊ ሱቅ ነበር። ሴትዮዋ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር የአካባቢውን የቀወት ወረዳ ገበሬዎች የመሬት አቤቱታ ትጽፋለች፤ በኢንተርኔትም ለመሬት ቢሮው ትልክላቸዋለች። ሙቀቱ እንዳይጎዳው የጎን ክዳኑን አውልቃ ቬንትሌተር ታዞርበታለች። ማሽኑ አስተጓጉሏት አያውቅም።

አንድ ቀን አምራቹ ለዚያ ሲስተም ድጋፍ መስጠት እንደሚያቆም የሚገልጽ መልእክት ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? ሌላ ልግዛ እንዴ?»

«የሚሠራ ዕቃ አይጣልም» አልኳት። «ማንም መጥቶ አይወስድብሽም።»

ሳላጣራ የተናገርኩት ነው።

በሌላ ጉዞዬ ስገባ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይሠራል። የቢሮው ድረ ገጽ ግን ብራውዘሩ አርጅቷል ብሎ አልከፈት አለ። አዲሱ ብራውዘር አዲስ ሲስተም ይፈልጋል፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር አይቀበልም። የአምራቹን ገጽ በስልኬ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ምክንያቱ ደኅንነት ነው ይላል፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ጉድለት አለበት የሚል ቃል ግን የለበትም። ሸጦ የተጠቀመ ሰው፣ ዕቃው እየሠራ ሳለ በሩን መዝጋት አልነበረበትም።

ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ፣ «አህያዬ ከዚህ የባሰ አርጅታለች፤ ገበያ ስትገባ ዕድሜሽ ስንት ነው ያላት የለም» አሉ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። የይግባኝ ቀናቸው ሊያልፍ ነበርና ሽማግሌው ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሱቅ ሄዱ። በዚያ ሳምንት ሲሄዱባት የመጀመሪያው አልነበሩም።

«ማንም አይወስድብሽም ብለውኝ ነበር» አለች፣ ሳትቆጣ።

«ብዬ ነበር።»

«ወላሂ፣ ያን ቀን እውነቱን ቢነግሩኝ…» ኪቦርዱን ሳበችና የራሷን አቤቱታ መጻፍ ጀመረች፤ በደል ሲደርስ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ጉዳዩን በጥቂት መስመር ጨርሳ የተቀባዩ ስም ወደሚጻፍበት ባዶ ራስጌ ተመለሰች።

«ለማን ልበል?»

ሥራዬ ሰው አፈላልጎ ማናገር ነው። ቅድም ገጹን ሳነብ ለአምራቹ የላክሁት ጥያቄ ግን በዚያው ደቂቃ ተመልሶልኝ ነበር፤ አድራሻው መልእክት አይቀበልም ይላል። የሚጠየቅ ሰው እንዳላገኘሁ ነገርኳት።

«እንግዲያው» አለችና ራስጌው ላይ የእኔን ስም ጻፈች።