ችግር የለም ባዩ ገዢ

ዲንኮ ዕድሜውን የፈጀው በጭነት መርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ነው። እንግሊዝኛውንም የለቀመው ከማዕበል ጩኸትና ከወደብ ስድብ መሀል ነው። ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ ግን፣ የመድኃኒት ወረቀት ለማስነበብ ካልሆነ በቀር ቋንቋውን የሚፈልግ ጠፋ። ቋንቋውስ ይቅር፣ ሰዉም ጠፋ። ወጣቱ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሶፊያና ወደ ጀርመን ነጎደ፣ ሽማግሌው ወደ መቃብር። ባለፈው የበረዶ ወቅት ጭስ የወጣው ከእሱና ከጎረቤቱ ከእማማ ፔና ቤት ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ እማማ ፔና ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነውና ቤታቸውን ለሽያጭ አቀረቡ። ገዢ ካልተገኘ በመንደሩ የሚቀረው ዲንኮ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮሊን የሚባል እንግሊዛዊ ቤቱን ሊያይ በመጣ ቀን፣ ዲንኮ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሊያስተረጉም በር ላይ ጠበቀው።

እዚያ መንደር ገዢ ከደጅ ጀምሮ እያጣጣለ ይገባል፤ ሻጭም እየተሳደበ ይመልስለታል። ይሄኛው ግን የሚያፈሰውን ጣራ አይቶ ፈገግ አለና «ችግር የለም» አለ። የደረቀውን ጉድጓድ አይቶም «ችግር የለም»። ዲንኮ እንዳለ ተረጎመ። እማማ ፔና ፊታቸው ጠቆረ፤ ዲንኮን በክንዱ ጎትተው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?»

«ጨዋ ነው፣ እማማ ፔና።»

«ጨዋ! ግድግዳው ሊወድቅ ነው፣ እሱ ይስቃል! ቤቱን መቼ ፈለገው? ድሮ ቱርኮች ከአገራችን ሲሸሹ የቀበሩትን ወርቅ ሰምቶ ነው እንጂ። አልሸጥም!»

«የምን ወርቅ? ባልዎ ዕድሜ ልካቸውን ቆፍረው ያገኙት ድንች ብቻ ነው።»

«እሱማ ያለቦታው በማድቤት በኩል ቆፍሮ ነዋ!»

ዲንኮ ሽያጩ ሊፈርስ መሆኑ ገባው። ምድር ቤቱን ሲያዩ ኮሊን ያችኑ ቃል ደገማት። ዲንኮም ዓይኑን ሳያርገበግብ «ይሄ ምድር ቤት ነው ወይስ የአይጥ ሆቴል? ይላል» አለ።

እማማ ፔና ፊታቸው በራ። «ከአገሩ ይዞ ካልመጣ እዚህ አይጥ የለም በለው! ደንቆሮ በለው!»

«እንኳን ደህና መጣህ እያሉህ ነው» አለ ዲንኮ ለኮሊን። ኮሊን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ።

«ደረጃውን የሠራው ሰካራም ነው ይላል» አለ ዲንኮ ከምድር ቤቱ ሲወጡ።

«ባሌ ነው የሠራው!» ብለው እማማ ፔና ጮኹ፤ ከዚያ ቀጥ አሉ። «አንተ ዲንኮ፣ እሱ በሁለት ቃል ይስቃል፣ አንተ አንድ ቁና ስድብ ታወርዳለህ። ስድቡ የማን ነው?»

ዲንኮ ጆሮው ቀላ።

«በል አንድ ነገር ጠይቀው፤ መልሱን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ። በረዶው መንገዱን ሲዘጋ እዚህ ከማን ጋር ሊኖር ነው?»

ዲንኮ ጠየቀ። የኮሊን ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። ባርኔጣውን አወለቀና በመስኮቱ የተቆለፉትን ቤቶች ረጅም ጊዜ አያቸው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ባዶ ቤት እንደሚያስፈራው፣ ሰው ከሌለ እንደማይገዛ ቀስ ብሎ ተናገረ።

ዲንኮ መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን አቃተው። «ብቻዬን መሆን እፈራለሁ ይላል። ሰው ከሌለ አልገዛም ይላል። ከሬዲዮ ጋር እያወሩ መክረም ያሳብዳል ይላል። ጠዋት ተነስቶ የጎረቤትን ጭስ ማየት...»

«ይሄን ሁሉ እሱ ነው ያለው?»

«ግማሹን።»

«ሌላውንስ?»

ዲንኮ በመስኮቱ ወደ ገዛ ቤቱ ጭስ ማውጫ ተመለከተ።

እማማ ፔና ከሽርጣቸው ኪስ ቁልፉን አወጡ። «ወርቅ ፈላጊ ሰው እንዳያየው ነው የሚጸልየው። ይሄ ምስኪን ግን ሰው ነው የቸገረው። እሸጥለታለሁ። በል ንገረው፤ እዚህ ሰው አለ በለው።»

ዲንኮ አፉን ከፈተ። የመርከብ እንግሊዝኛው ሁሉ ድራሹ ጠፋበት። በመጨረሻ ጣቱን ወደ ገዛ ደረቱ ቀሰረና እንደዚያው ቆመ።