ላልተው የነበሩት ብሎኖች

ጥር ሰባት ቀን ነበር። ወይስ የካቲት ገብቷል? በቀኑ አልምልም። ትንሹ አጎቴ ከወንድሙ ጋራዥ የወጣበት ቀን መሆኑን ግን አልስተውም። የዩኒቨርሲቲ እረፍቴን ከጋራዡ በላይ ባለው በታላቁ አጎቴ ቤት ነበር የማሳልፈው።

ትንሹን ሁሉም «ውሃልክ» ይለዋል። የዘመመ ነገር ካየ አያስችለውም፤ ሰው ቤት ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ የግድግዳውን ፎቶ ያቃናል። የሚያድረው ጓሮ፣ አሮጌ ጎማ የተከመረበት ክፍል ውስጥ ነው። የጋራዡ በር ላይ «የወንድማማቾች ጋራዥ» ይበል እንጂ ንብረቱ የታላቁ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን አንድ ተቋራጭ የመስክ መኪናውን ከፍ እንዲያደርጉለት አመጣ፤ ከወደደው የቀሩትን መኪኖቹንም ሊያመጣ።

«ይቺን አሳምረህ አውጣልኝ እንጂ ጋራዡን እኩል ነው የምንካፈለው» አለው ታላቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃልክ እያፏጨ ይሠራ ነበር።

መኪናዋን ከፍ የሚያደርጉትን አዲሶቹን ረጃጅም ባሌስትራዎች ገጥሞ ሲያበቃ፣ ታላቁን ጋራዡ ውስጥ ትተን እኔና እሱ ምሳ ልንበላ ወጣን።

«ጨረስክ?» አልኩት።

«ብሎኖቹ ቀርተዋል። ላላ አድርጌ ነው የተውኳቸው።»

«ጥርቅም አድርገህ አትመጣም?»

«በክሪክ ተንጠልጥላ? ብሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ እንደተንጠለጠለች ይይዛታል። ስትወርድ ይጠመዘዝና ያን ጎን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያማ አንድ ትከሻዋን ጥላ እንደ ሰካራም ነው የምትሄደው። መጀመሪያ መሬት ትረፍ፣ የእኔ እመቤት።»

ስንመለስ መኪናዋ ከክሪኩ ወርዳ ደጅ ቆማለች፤ ወደ ሾፌሩ በኩል ዘማለች። ተቋራጩ አንገቱን እሷ ባዘነበለችበት አዘንብሎ ያያታል።

«ውሃልክ የምትሉት ይኼን ነው?» ብሎ ሳቀ።

ታላቁ አጎቴ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እስከ አንጓው ግራሶ ነው።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ወንድሜ ነው የሠራት። እጁ ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ግን ልቡ እዚህ አይደለም።»

ውሃልክ ከሥሯ ገባ።

«ጋሼ» አለ ከዚያው ሆኖ፣ «የቀኙ ጎን ተንጠልጥላ ነው የጠበቀው።»

«ታዲያ አንተ አይደለህ የገጠምከው?»

«ኧረ እሱ እኮ…» ብዬ ስጀምር፣

«አንቺ፣ የእጅ ባትሪውን ያዢልኝ!» አለኝ። እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም።

ብሎኖቹን አላላ፣ አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰ፣ መሬት እንደቆመች አጠበቀ። ቀጥ አለች። ተቋራጩ ግን ወደ ታላቁ ዞሮ «የቀሩትን አንተው ራስህ ሥራልኝ፤ ወንድምህ እንዳይነካብኝ» አለ።

«እሺ ጌታዬ፣ እኔው ራሴ» አለ ታላቁ አጎቴ። ውሃልክ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

ስለ እኩል መካፈል ያነሳ የለም። ውሃልክ መፍቻዎቹን በናፍጣ አጥቦ አንድ በአንድ በየቦታቸው ሰቀላቸው።

ለምን አፌን እንዳስያዘኝ ልጠይቀው ሻይ ይዤ ከላይ ስወርድ የጓሮው ክፍል ክፍት ነው፤ ፍራሹ ተጠቅልሏል።

«ኩርፊያ ነው፤ ሲርበው ይመጣል» አለ ታላቁ አጎቴ ቀና ሳይል።

ሻዩ እጄ ላይ እየፈሰሰ መንገድ ድረስ ሮጥኩ። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ስሙን ስጠራ ረዳቱ በሩን ዘጋውና ሄዱ።