ሐሊማ ያልቀየረችው ፓስወርድ

ሰሞኑን ከአዳማ ወደ አሰላ በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ ከተቀመጡት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዷ ስልኳን ለጓደኛዋ አቀበለቻትና «ፓስወርዴን ታውቂው የለ!» አለቻት። ደነገጥኩ። ልመክራቸው አማረኝ፤ የማላውቃቸው ልጆች ናቸውና ተውኩት። ኢተያን ስናልፍ ሐሊማ ትዝ አለችኝ።

አሰላ ስንማር ዶርም ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ መስከረምና የኢተያዋ ሐሊማ። ፌስቡክ ገና ብርቅ ነበር። ስልክ እንደ ሳሙና እንዋዋሳለን፣ አንዳችን የሌላችንን መልእክት እያነበብን እንስቃለን። የራስን ነገር መደበቅ ኩራት ይመስለን ነበር። ሐሊማ ቤተሰቦቿ ያጩላትን ሰው እንደማትፈልግና ከአንድ የክፍላችን ልጅ ጋር በፌስቡክ እንደምትጻጻፍ የምናውቀው እኔና መስከረም ብቻ ነበርን። እኛ ብቻ የምናውቅ መስሎን ነበር እንግዲህ።

አንድ የኅዳር ጠዋት፣ ውርጩ ገና ከሳሩ ላይ ሳይለቅ፣ አባቷ ግቢው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ሌላ ጊዜ ሲመጡ እናቷ ከገብስና ከቅቤ የምትሠራውን ጭኮ ይይዙ ነበር፤ የቅቤው ሽታ ዶርሙን ያውደዋል። ያን ቀን ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

«ዕቃሽን አውጪ። ትምህርቱ ይብቃሽ» አሉና ለክፍላችን ልጅ የጻፈችውን ቃል በቃል ነገሯት።

ልትሸክፍ ስንገባ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። «ትናንት ስልኬን የወሰድሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ ሐሊማ። እኔ ደግሞ መስከረምን ጠረጠርኩ፤ ወንድሟ ኢተያ አስተማሪ ነበር። መስከረም «አንቺማ ድሮም ትቀኚባታለሽ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ዛሬም መድገም አልፈልግም።

ሻንጣዋን ይዘን ስንወጣ አላስችል አለኝ። «አባባ፣ ማን ነው የነገረዎት? እባክዎ ይንገሩን።»

«እኔ የስልክ ጽሑፍ የት አውቄ! ጀማል ነው ያነበበልኝ።»

ጀማል የአጎቷ ልጅ ነው፤ ኢተያ ስልክ ይጠግናል። ሐሊማ ሻንጣውን ለቀቀችው። ፌስቡኩን የከፈተላት፣ ፓስወርዱንም ያወጣላት እሱ ነበር።

«ታዲያ አትቀይሪውም?» አልኳት።

«ዘመድ ላይ ይቆለፋል እንዴ?»

አባቷ ግራ ገባቸውና አስረዱኝ አሉ፤ ፓስወርዱን ያወቀ ሰው ሁሉንም እንደሚያነብ አስረዳናቸው። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሳውዲ ካለችው ልጃቸው ጋር የሚያወሩበትን ኢሞ የጫነላቸውም ጀማል ነው።

«የኔንም ይሰማል ማለት ነው?»

«እንጃ አባ» አለች ሐሊማ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ የነካውን ሁሉ አጥፊልኝ።»

ስልኩን ተቀብላ አጠፋችላቸው። «ያጨንልሽን ሰውዬ ነገር ትምህርትሽን ስትጨርሺ እናወራለን» ብለው ብቻቸውን ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ሐሊማ ተመረቀች፣ በወደደችው ጊዜ የወደደችውን አገባች። ዛሬ ሁለታችንም አሰላ ነን፤ በሰርግ በለቅሶ እንገናኛለን። እወዳታለሁ፣ እሷም ትወደኛለች። ግን የሆድ የሆዷን መናገር ትጀምርና መሃል ላይ ቆም ብላ ስለ ገብስ ዋጋ ትጠይቀኛለች። ይሄኔ ያመኛል። ጀማልንስ ፓስወርድ ቀይራ አስወጣችው፤ እኔን መልሳ የምታስገባበትን ፓስወርድ ግን እስከ ዛሬ አላገኘችም።