ሌንሱ ከጅማ እስኪመጣ

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እያለሁ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ሚጡ አልናት፤ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነበርና ሌላ ስም አልነበራትም። አራስ ቤቱ ቅቤና ጤና አዳም ይሸታል። ጎንበስ ብዬ አንገቷን ሳሸት እናቴ «በቃ፣ ልጄን ጨረስካት!» ትለኝ ነበር።

አባታችን ከእኛ ርቆ፣ ደካ በምትባል ገጠር ያስተምር ነበር። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው መምጣት አልቻለም። በደወለ ቁጥር «ፎቶዋን ላክልኝ» ይለኛል። የቤታችን ስልክ ደግሞ ካሜራ የላትም።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፎቶ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ነስሩ ከወልቂጤ መጥተው ቦንጋ የከረሙ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ቤታችን መጥተው ሚጡን እንዲያነሱና ፎቶውን ለአባቴ በስልክ እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው።

«ቤቱ ጨለማ ነው?» አሉኝ።

«መጋረጃ አለው። እናቴ ደግሞ ፍላሽ የሕፃን ዓይን ያጠፋል ትላለች።»

«ያለ ፍላሽማ የከሰል ጆንያ መስላ ነው የምትወጣልህ!»

ስቀው ሁለት ነገር አማረጡኝ። ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙረው ዛሬውኑ ቢያነሷት ብርሃኑ ዓይኗ ላይ አያርፍም። ካልሆነም በትንሽ ብርሃን የሚያነሳ ሌንስ ሰኞ ከጅማ ይመጣላቸዋል። በዚያ ዓይነት ሌንስ የተነሳ ሕፃን አሳዩኝ፤ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ምረጥ እንጂ፣ የልጅቱ ወንድም!»

«ሌንሱ ይሻላል» አልኩ። እናቴን እንኳ አልጠየቅኋትም። ለአባቴ ደውዬ «አባዬ፣ ሰኞ ትደርስሃለች» አልኩት።

ቅዳሜ ሚጡን አተኮሳት። ጡት እምቢ አለች። እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ጤና ጣቢያ ልንወስዳት ስንነሳ... ሞተች። ክርስትና ስላልተነሳች ፍትሐት አልተደረገላትም። ጥቂት ጎረቤቶች ቀበሯት።

ሰኞ ጋሽ ነስሩ ሌንሱን ገጥመው ደጃችን መጡ። «የታለች ሙሽራዋ?» አሉኝ። ለቀስተኞቹን ሲያዩ ካሜራውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

አባቴ የመጣው መንገዱ ሲከፈት ነው። እናቴን አልጠየቃትም። እኔን ነው የጠየቀኝ።

«ማንን ትመስል ነበር?»

«አንተን» አልኩት።

ዛሬ ቦንጋ ውስጥ ሕፃን ሲወለድ፣ እምብርቱ ሳይደርቅ ፎቶው ሺሺንዳ ላለች አክስት ይደርሳል። የጨለመውም፣ የተንቀጠቀጠውም ይላካል። ማንም ቆሞ አያማርጥም። አባቴ አሁንም አንዳንዴ ይጠይቀኛል፤ እኔም «አንተን» እለዋለሁ። ግን ፊቷ ጠፍቶብኛል። ያየኋት እኔና ያላያት እሱ አሁን እኩል ሆነናል። ይህን አልነገርኩትም።